ሳይደርቅ የተቀባው ሰልባትዮ

ሁዴይዳ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሰው በየማዕዘኑ ሞልቷል። የነዳጅ ሰልባትዮ የሚያጥብ ግን አንድ ፉተይኒ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ያለቃልቃሉ እንጂ አያጥቡም። ይህን የምለው ጎረቤቴ ስለሆነ አይደለም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከእሱ ጋራዥ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእሱን የጠጠር ኳኳታ እየሰማሁ ስንት ስፌት አጣምሜአለሁ፤ እሱን የማመስገን ግዴታ የለብኝም።

ያ ከተማ ባሕሩ አጠገብ ስለሆነ ብረት ይበላል። አዲስ ሞተር የገዛ ሰው በሁለተኛው ዓመት ሰልባትዮው ውስጥ ቀይ ጭቃ ያገኛል፤ ሞተሩም መንገድ መሐል እያሳለ ይቆማል። ያኔ ወደ ፉተይኒ ይመጣል። ፉተይኒ ቤንዚኑን ገልብጦ፣ ክዳኑንና የቤንዚን መክፈቻውን ፈትቶ፣ የታችኛውን ቀዳዳ በጎማ ይወትፍና አንድ ጭብጥ ጠጠርና አሮጌ የብሎን ዳዶ ይጨምርበታል። ውሃና የዱቄት ሳሙና ያክልበታል። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠውና እሹሩሩ ሲል ይውላል። ጠጠሩ ዝገቱን ይፍቀዋል። በማግስቱ ሰልባትዮው አቼቶ ተሞልቶ ይውላል፤ ቀጥሎ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ አሁንም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል፤ እሱ ግን የሚወርደውን ውሃ በመዳፉ ተቀብሎ ካላየ አያቆምም።

ትልቁ ሥራ ግን ማድረቁ ነበር። ውስጡን የሚለብሰው ቀለም እንደ ማር የወፈረ ነው። ብረቱ ትንሽ እርጥበት ካለበት ቀለሙ የያዘ መስሎ ይቆይና ኋላ ይላጣል። ስለዚህ ሰልባትዮው ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አፉን ከፍቶ ሁለት ቀትር ይሰጣል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፉ በጨርቅና በላስቲክ ይታሰራል፤ ከመሸ ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ውሃ ተሸክሞ ነው የሚመጣውና። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም፤ ሴቶቹም የታጠበ ልብስ ከመግሪብ ሶላት በፊት ያስገባሉ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፉተይኒ ግድግዳዬን በመፍቻ ይደበድባል።

"ሐበሻው! ምላስ ቁረጥልኝ!"

ምላስ የሚለው ጣት የምታህል ነጭ የጥጥ ቁራጭ ነው። በክር አንጠልጥሎ ሰልባትዮው ውስጥ ይከታትና፣ ክዳኑን ገጥሞ አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ይተዋታል። ከዚያ አውጥቶ ከታችኛው ከንፈሩ ያስነካታል። ከቀዘቀዘችው እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይጨመራል። ዝም ካለችው ይቀባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን እንዲህ ብትስማት ኖሮ ጥላህ ባልሄደች" እለዋለሁ።

"አንተ ደግሞ ሱሪ እንደ ምላስህ ቀጥ አድርገህ ብትቆርጥ ኖሮ ሀብታም ትሆን ነበር" ይለኛል።

ፉተይኒ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ብቸኛ፣ ስሙን ከሁሉ አብልጦ የሚወድ። "የፉተይኒ ሰልባትዮ" ከተባለ ሞተር የሚገዛ ሰው አይከራከርም ነበር።

ከጦርነቱ በፊት ነው፤ በአንድ የክረምት ወር ጅብራን የሚባል ሞተረኛ መጣ። ጅብራን ሰው እያመላለሰ የሚያድር፣ አፉ ከሞተሩ የሚጮህ ልጅ ነው። የሰልባትዮው ታች በዝገት ቀዳዳ ሊያወጣ ደርሷል። ገና ከመድረሱ ኡስጣ፣ ማለትም ባለሙያው፣ እያለ ችኮላ ጀመረ።

"ኡስጣ፣ እስከ ቅዳሜ። የእህቴ ሠርግ ነው። ዘመድ የማመላልሰው እኔ ነኝ።"

"እስከሚደርቅ" አለው ፉተይኒ።

"ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

ሰልባትዮው ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ አቼቶውን ጠጥቶ ረቡዕ ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣ። ረቡዕ ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም። የተራራው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ አራት ቀን ሙሉ ከተማዋ ውስጥ ጫት አልገባም። ጫት የለመደ ከተማ አራት ቀን ያለ ጫት ሲቀር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ኢማሙ ስብከቱን ያሳጥራል፣ እኔ ራሴ የሰው እጅጌ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። ረቡዕ ቀትር ላይ ግን "ገባ! ገባ!" የሚል ጩኸት ከገበያው ተነሣ፤ የጫት መኪና ደርሷል። ወንዱ ሁሉ ወደ ገበያው ጎረፈ።

ፉተይኒ ጣሪያው ላይ ነበር። ከታች ሆኜ የጠራሁት እኔ ነኝ።

"ውረድ እንጂ! ቅጠሉ እያለቀ ነው!"

"ይቺን አፏን ልሰርላት።"

"ምን ቸገረህ፣ ገና ቀትር ነው! ስንመለስ ታስራለህ!"

ወረደ። ጫታችንን ይዘን እንደ ሁልጊዜው ከጋራዡ ጀርባ ባለው ዳስ፣ ከፍ ያለው የገመድ አልጋ ላይ ወጥተን ጎን ለጎን ተጋደምን። አራት ቀን የተጠማ ሰው መቼ ይጠግባል? ወሬው ጣመ፣ ጉንጫችን ሞላ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ማንም አላያትም። የባሕሩ ነፋስ ዳሱን ሲያንኳኳው ፉተይኒ ድንገት የረጠበ እጁን አየና፣ "ሰልባትዮው" አለ። ተነሥቶ ግን አልሄደም። "ነገ ፀሐይ አለ" አለና አንድ ቅጠል ጎረሰ።

ሐሙስ ገና ከጠዋቱ ጅብራን በሩ ላይ ቆሟል። ቀለሙ ራሱ ለመጠንከር ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ ካልተቀባ ለቅዳሜ አይደርስም። ይለምናል፣ ይምላል፣ የእናቱን ስም ይጠራል። ፉተይኒ ሰልባትዮውን አወረደው። አፍንጫውን አፉ ላይ ደቅኖ አሸተተ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ መቀሴን ይዤ "ምላስ ቁረጥልኝ" እስኪለኝ እጠብቃለሁ። አላለኝም። ቀለሙን ሲበጠብጥ፣ ሲያፈስ፣ ሰልባትዮውን ሲያገላብጥ ሰማሁ። አንዲት ቃል መናገር እችል ነበር። "ምላሷስ?" ማለት ብቻ በቂ ነበር። ግን ውረድ ያልኩት እኔ ነኝና አፌን ዘግቼ መስፋቴን ቀጠልኩ።

በሃያኛው ቀን ጅብራን ሞተሩን እየገፋ መጣ። በርከት ያሉ ሞተረኞችም አብረውት ነበሩ፤ የቆመ ሞተር ባለበት ሞተረኛ አይጠፋም። ፉተይኒ የቤንዚን መክፈቻውን ፈትቶ ከሥሩ መዳፉን ደቀነ። ከቤንዚኑ ጋር ግራጫ ቅርፊት ወረደ፤ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። የገዛ ቀለሙ ነው። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አየሁት፤ እሱም እንዳየሁት አየ። ጣቶቹን ጨበጠ።

"ምንድን ነው ኡስጣ?" አለ ጅብራን።

"ውሃ ነው። ቤንዚንህ ውሃ አለበት። ከየት ነው የምትቀዳው?"

"ከዓሚ ሹዒ ነዋ፣ ከሌላ ከማን እቀዳለሁ?"

"እንግዲህ" አለ ፉተይኒ።

ያለው ይኸው ነው። "ሹዒ ውሃ ቀላቀሉ" የሚል ቃል አልወጣውም። ለወሬ ግን "እንግዲህ" ትበቃዋለች። ሰልባትዮውን "በነፃ አጥብልሃለሁ" ብሎ አስቀረና ለጅብራን ሌላ አሮጌ አዋሰው። ጅብራን እሱን ገጥሞ በቀጥታ ወደ ሹዒ ሄደ።

ሹዒ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓሚ፣ ማለትም አጎቴ፣ የማይላቸው ሞተረኛ አልነበረም። ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ ከባሕር ከወጡ በኋላ መስቀለኛው መንገድ ላይ ከዘንባባ ጥላ ሥር ቤንዚን በጀሪካን ይሸጡ ነበር። ረጅሙን የሰሌን ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ቤንዚኑን በነጭ ጨርቅ አጥልለው፣ ጀሪካኑን ወደ ፀሐይ አንሥተው ለገዢው ያሳያሉ። ልጅ የላቸውም። ሰዕዲያ ከምትባል ሚስታቸው ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። ያላቸው ያ ስም ብቻ ነበር።

በሳምንት ውስጥ ያ መስቀለኛ መንገድ ጭር አለ። ሞተረኛው ሳይቆም ያልፋል፤ ማለፉስ ባልከፋ፣ እየጮኸ ነው የሚያልፈው።

"ዓሚ ሹዒ፣ ዛሬስ ቤንዚኑ ውስጥ ዓሣ አለ ወይ?"

"ለሶላት ውዱእ ላደርግበት ነበር፣ አንድ ጀሪካን ቅዱልኝ!"

ሽማግሌው መጀመሪያ ይምሉ ነበር። ቆይተው መማሉን ተዉና ጀሪካኖቻቸውን መወልወል ጀመሩ። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ አቁሜ በዓሣ ገበያው በኩል መዞር ያዝኩ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሰሞን ራሴን የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም።

አንድ ቀን ለፉተይኒ፣ "እስከ መቼ ነው?" አልኩት።

"እኔ ምን አልኩ? እንግዲህ ነው ያልኩት።"

"ፉተይኒ።"

"ሰው ሁሉ ሰልባትዮውን ይዞ ሊመጣብኝ ነው? ይህ ሁሉ ዓመት የሠራሁት ሁሉ ውሸት ሊባል ነው?"

እኔም የራሴ ፍርሃት ነበረኝ፤ ነገሩ ከወጣ "ማን አስወረደህ?" መባሉ አይቀርም።

ሐሜቱ በተነሣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሹዒ ራሳቸው አንድ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ጋራዡ መጡ። ሐሙስ ረፋድ ነው። ፉተይኒ ሲያያቸው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ሊጣሉት የመጡ መስሎት ነበር።

"ኡስጣ ልጄ" አሉት፣ "ስለ ሰልባትዮ ያንተን ያህል የሚያውቅ የለም። ነገ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሞተረኞቹ መስጊዱ በር ላይ ይሰበሰባሉ። አብረኸኝ ቁምና ይህን ቤንዚን በብርጭቆ ቀድተህ እየው። ያየኸውን ተናገር። አንተን ያምኑሃል።"

ፉተይኒ ጀሪካኑን ተቀበለ። ከፍ ዝቅ አድርጎ አየውና መለሰላቸው።

"ቁርአን ይዤ ልምል ብዬ ነበር" አሉ ሹዒ። "ኋላ ሳስበው፣ አንተ እያለህ ለምን እምላለሁ? አልኩ።"

ከሄዱ በኋላ ፉተይኒ የተደፋ ገንዳ ላይ ቁጭ አለ። ግድግዳውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው፤ በሩ ላይ ቆሜአለሁና።

"አንተ ሐበሻ፣ አንድ ነገር በል።"

"ውረድ ያልኩህ እኔ ነኝ።"

"የወረድኩት ግን እኔ ነኝ" አለ።

ዓርብ ጠዋት የጅብራንን ሰልባትዮ የቤንዚኑ ትነት እንዳይቀጣጠል ውሃ ሞልቶ በብረት መጋዝ ለሁለት ሲቆርጠው ሰማሁ። ከሶላት በኋላ ሁለቱን ግማሽ በጆንያ ይዞ መስጊዱ በር ላይ ቆመ። ሹዒ ጀሪካናቸውንና አንድ ንጹሕ ብርጭቆ ይዘው ከጎኑ ቆመዋል። ሞተረኞቹ ከበቡ። ፉተይኒ ብርጭቆውን አልተቀበለም። ጆንያውን ገለበጠው።

"እዩት" አለ። "ቀለሙ ተላጧል፤ ከሥሩ ዝገት ነው። እርጥብ ብረት ላይ ነው የቀባሁት። የባሕሩን ነፋስ እያወቅሁ ክፍቱን አሳደርኩት። ዓሚ ሹዒ የቀላቀሉት ውሃ የለም፤ ውሃው የኔ ነው። ጅብራን ሲመጣ አውቄአለሁ። አውቄ ነው 'እንግዲህ' ያልኩት።"

ጅብራን ፊቱ ደም መሰለ።

"እኔን ሽማግሌ አሰደብከኝ!" አለ። "አላህ ይይልህ ኡስጣ፣ በእኔ አፍ ሰደብካቸው!" ዞሮም የሹዒን ራስ ሳመ። ስለ ዓሣው ሲቀልዱ የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን ሲፈልጉ ዐየሁ።

ፉተይኒ የራሱን ጥምጥም ፈቶ ከሹዒ እግር ሥር ጣለው። እዚያ አገር ወንድ ጥምጥሙን መሬት ላይ ከጣለ ሌላ የሚጥለው የለውም። ሹዒ ጎንበስ ብለው አነሡት፣ አቧራውን አራገፉለትና መልሰው ራሱ ላይ አደረጉለት።

እኔ እዚያ መሐል "ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ጥሩ ጎረቤት ነህ፣ ሳትርቀው ቆምክ" አለኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ሹዒ እኔንና ፉተይኒን ለብቻችን ዘወር አደረጉንና እንዲህ አሉ፦

"ገበያው ሰማ። አሁን ቤቴ ሂዱና ለሰዕዲያ ንገሯት። እሷስ አላመነችም፣ እኔ አውቃታለሁ። ግን የሰው ወሬ አሟታል። ካሙኝ ቀን ጀምሮ ምግብ ሆዷ ውስጥ አይቀመጥም። ከአፋችሁ ከሰማች ትድናለች።"

ከዓሣ ገበያው በስተጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድን። በሩ ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰላምታ አቀረብንና ፉተይኒ ከውጭ ሆኖ ሁሉንም ነገራቸው። እንደ መስጊዱ በር አላማረለትም፤ ይንተባተብ ነበር።

"ሰምተዋል እናቴ?" አልኩ።

"ውሃ አልቀላቀለም?"

"አልቀላቀሉም።"

"አንድ ቀን እንኳ?"

"አንድ ቀን እንኳ።"

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ሰዕዲያ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ያሉ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ከታች መጣ።

"እኔ አልታመምኩም" አሉ። "ሹዒ በየቀኑ ዓሣ ይዞልኝ ይመጣል። ይህ በሰው እንባ የተገዛ ነው አልኩና ከጓሮ ለድመት ሰጠሁት። ከባሕር ባዶ እጁን የተመለሰ ቀን ተርቤ አድሬለታለሁ፣ የሱን እጅ ግን ተጸይፌ አላውቅም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ለድመት ሰጠሁት። 'ሆዴን አሞኛል' ስለው በሰሊጥ ዘይት ሆዴን ያሸኛል። እያሸ ቁርአን ይቀራልኛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ 'ይህ እጅ ውሃ የቀላቀለ እጅ ነው' እላለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አለቀሱ። እኛ ሁለት ወንዶች መጋረጃውን እያየን ቆመናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

"ሐሜቱን አመነች ብላችሁ እንዳትነግሩት" አሉ በመጨረሻ።

"እናቴ፣ እኔ ዛሬ ውሸት በቃኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አላቸው ፉተይኒ።

"ያንን ውሸት ማንም አላዘዘህም" አሉት። "ይህንን ግን እኔ አዝዤሃለሁ። ትዋሽልኛለህ።"

ሹዒ መንገዱ ጥግ ላይ እየጠበቁን ነበር። ጀሪካኑን እንኳ መሬት አላስቀመጡትም።

"ምን አለች?"

ፉተይኒ ወደ እኔ ዞረ። ሰዕዲያ ያዘዙት እሱን ነው፤ የተናገርኩት ግን እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ዝም ያልኩ፣ መስጊዱ በር ላይ ዝም ያልኩ ሰውዬ ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ።

"ሳቁ" አልኩ። "'የሹዒን ነገር ለኔ ነው የምትነግሩኝ? አርባ አንድ ዓመት የማውቀውን?' አሉን።"

የሽማግሌው ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

"አላልኳችሁም?" አሉ። "ከተማው ሁሉ ሲያምን እሷ አላመነችም! እኔ እኮ ያን ሁሉ ቀን እዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጥኩት በሷ ነው። ሰው ሲሰድበኝ፣ ቤት አንዲት የምታምነኝ አለች እያልኩ ነው።"

ዓሣ ገበያ ገብተው ትልቁን መረጡ፤ እምቢ ብንል ሊሰሙን ነው? እቤታቸው በጭቃው ምድጃ ተጠብሶ ከትኩስ ቂጣ ጋር ቀረበ። የሰዕዲያን ድርሻ ወደ ውስጥ ላኩና ለሦስት ትሪውን ከበብን።

"ሰዕዲያ! በላሽ?" ብለው ጮኹ።

"እየበላሁ ነው" አለ ድምፅ ከውስጥ።

ሹዒ ወደኛ ዞረው ፈገግ አሉ። "አያችሁ? ዳነች።" ዛሬ ባልና ሚስቱ ሁለቱም አፈር ለብሰው አልቀዋል፤ ሹዒ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይህንኑ ሲያወሩ ነበር፣ ሞተር አቁሞ ቤንዚን ለሚቀዳው ሁሉ።

ፉተይኒ አንገቱን ደፍቶ ቂጣ ይቆራርሳል፣ ወደ አፉ ግን አያደርስም። እኔም እንደሱ። ሽማግሌው ዓሣውን ከአጥንቱ እየለዩ፣ ከሆዱ በኩል ያለውን ለስላሳ ሥጋ እያወጡ በየፊታችን ያስቀምጡና፣ "ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ብሉ" ይሉን ነበር።